ድስቱን ግን አውቀዋለሁ

መጋዘኑ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኞች አስተዳደር ፋይል ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከኃላፊው እስከ በር ጠባቂው፣ ሚዛን ነው የሚላት።

ስሙ የወጣላት ሥራ በገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። መጋዘኑ ከየአቅጣጫው የመጣ ጥቅል ዕቃ ተመዝኖ፣ ተለይቶ፣ ወደየአድራሻው የሚላክበት ቦታ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት የመግቢያው ሚዛን ድርቅ ብሎ ቀረ። ጠጋኙ ሐሙስ ነው የሚመጣው ተባለ። መኪኖቹ በር ላይ ተኮልኩለዋል፣ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ኃላፊው ራሱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። እሷ አንዱን ካርቶን ብድግ አደረገችና፣ አንዴ ነጠር አድርጋው፣ "ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ" አለች። ኃላፊው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ቀጣዩን አነሳች። እስከ ሐሙስ ድረስ እንዲሁ ስትመዝን ከረመች። ማሽኑ ሲጠገን፣ እስቲ እንያት ብለው አርባ ያህሉን መልሰው መዘኑ። በደንብ የሳተችው አንዱን ብቻ ነበር፣ እሱንም በሁለት መቶ ግራም፤ ውስጡ ፈሳሽ ነበረው።

"የሚንቀሳቀስ ነገር ያታልላል" አለች፣ ቅር ብሏት። "እጅ ላይ አይረጋም።"

መጋዘኑ አንድ ሕግ አለው። ከሃያ አምስት ኪሎ በላይ የሆነ ዕቃ ላይ ቢጫ ወረቀት ይለጠፋል። ቢጫ ማለት ሁለት ሰው ማለት ነው፤ ለብቻ አይነካም። ሚዛን ይህን ሕግ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የምትለጥፈው እሷ ናትና። ከለጠፈች በኋላ ግን ዞር ዞር ብላ ታይና፣ ማንም እንዳላያት ስታውቅ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ብቻዋን ብድግ ታደርገዋለች።

ሰው መጥራት አይሆንላትም። እናቷ አራት ልጆች ያሳደገችው ብቻዋን ነው፤ ቤታቸው ውስጥም ሕጉ አንድ ነበር፤ ሰው አታስቸግሩ። ስኳር ቢያልቅ ሻይው ያለ ስኳር ይጠጣል እንጂ የጎረቤት በር አይንኳኳም። አልጋ ሲዘዋወር እናት በአንድ ወገን፣ ሚዛን በሌላው ወገን፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ያደገችው "ያዙልኝ" የሚል ቃል አፏ ሳይለምድ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ወዳጅ አላት። መውጫው ላይ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጣ ሰነድ ላይ ማኅተም የምትመታ፣ እጇ ሥራ ላይ፣ አፏ ወሬ ላይ፣ ዓይኗ ደግሞ ሁሉም ቦታ የሆነች ሴት ናት። ማኅተም ይሏታል።

"አንቺ፣ ያ ቢጫ ወረቀት ለጌጥ የተለጠፈ መሰለሽ?"

"እነሱን ጠርቼ እስኪመጡ እኔ ጨርሼዋለሁ።"

"ወገብሽ አንቺን ሲጨርስሽ እናያለን።"

ወገቧስ ችሎ ቆየ። ያልቻለው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ፅንስ በአምስተኛ ወሩ አጣች። ሐኪሟ የማንም ጥፋት አይደለም ብላ ሦስት ጊዜ ነገረቻት። ሚዛን ግን ለራሷ የፈረደችው ፍርድ ነበራት፤ ለማንም አልተነፈሰችውም፣ ለባሏም ቢሆን።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ እስከ ሃያ አራተኛው ሳምንት። የዚያን ቀን ሐኪሟ ምርመራውን ጨርሳ ጓንቷን እያወለቀች፣ ረጋ ባለ ድምፅ ነገረቻት።

"ከእንግዲህ ሥራ የለም። ጋደም ማለት ነው። ከአልጋ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት አልጋ። ሠላሳ ሰባተኛውን ሳምንት ካገኘን እኔም አንቺም እፎይ እንላለን። እስከዚያ ከሻይ ማንቆርቆሪያ የከበደ ነገር አታነሺም።"

ሚዛን ትንሽ አሰበች። "ማንቆርቆሪያው ባዶውን ነው ወይስ ከነውሃው?"

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። "ከነውሃው። ግማሽ ውሃ።"

ባሏ ቤት እንደገቡ የመኝታ ቤቱ በር ላይ በእርሳስ አሥራ ሦስት መስመር አሰመረ። እሁድ እሁድ አንድ መስመር ይሰረዛል። እሱ የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕንጻ ሊፍት ሲያስወጣና ሲያስወርድ ይውላል። እነሱ የሚኖሩበት ሕንጻ ሊፍት ግን ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ቤታቸው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው።

"የጎደለው ዕቃ ይመጣል ተብሏል" ይላል፣ በተነሳ ቁጥር።

"በእግሩ ነው የሚመጣው?" ትለዋለች።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደምንም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛን ጣሪያው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በቃሏ ያዘች። በሦስተኛው፣ ማኅተም በምሳ ሰዓቷ መጣች፤ አራቱን ፎቅ ወጥታ እያለከለከች፣ በአንድ እጇ አሮጌ ላፕቶፕ፣ በሌላው ደግሞ ከመጋዘን ያመጣችው የቢጫ ወረቀት ጥቅል ይዛ ነበር። ሰላም ሳትል በቢጫው ጀመረች። የውሃ ጄሪካኑ ላይ አንድ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ላይ አንድ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ አንድ፣ የምንጣፉ ጥቅል ላይ አንድ።

"ምን ማድረግሽ ነው?"

"ቢጫ ያለበትን የነካሽ እንደሆን ከሥራ አባርርሻለሁ።"

"አንቺ ማኅተም መቺ ነሽ፤ አባራሪ ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከዛሬ ጀምሮ። በይ ጠጋ በይ።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ላፕቶፑን ከፈተች። "ጌም ላስተምርሽ ነው።"

ሚዛን ሳቀች። ጌም የሕጻናት ነገር ይመስላት ነበር። ይኸኛው ግን በየቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው አንድ ዓለም ውስጥ አብረው የሚጓዙበት ነው። ዓለሙ ዘንዶ አለበት፣ አስማተኛ አለበት፣ የሚናገር ዛፍ አለበት። የማኅተም ቡድን ሦስት ሰው ነው፤ ከሚዛን ጋር አራት። የሚገናኙት በምሳ ሰዓት ነው፤ ሁሉም የሚመቻቸው ያኔ ነውና። አንዱ በጌሙ ስሙ "ገዳዩ" ነው፤ ወዲህ ሲመጣ ግን ድምፁ የለሰለሰ የጥርስ ሐኪም ነው። ሌላው "ነጎድጓድ" ይባላሉ፤ በሕይወታቸው ሙሉ መሬት ሲለኩ የኖሩ ጡረተኛ ቀያሽ ናቸው፤ ሳል ይበዛባቸዋል። ሚዛን በመጀመሪያው ቀን "አባባ ነጎድጓድ" ስትላቸው ገዳዩ እስኪያነቀው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደዚያው ጠሯቸው።

የገባችበት ጊዜ የጠብ ጊዜ ነበር። ቀድሞ በዚያ ጌም አንድ ሰው ሦስት መቶ ሰይፍ፣ ሁለት ጀልባና አንድ የብረት በር ቦርሳው ውስጥ ከቶ እንደ ፌንጣ ይዘል ነበር አሉ። አሁን የጌሙ ሠሪዎች የክብደት ሕግ አወጡ። አንድ ሰው እስከ አርባ ኪሎ ይሸከማል፤ ከዚያ ካለፈ መሮጥ አይችልም፤ ከሃምሳ ካለፈ ይንፏቀቃል፤ ስልሳ ከሞላ እንደ ሐውልት ተገትሮ ይቀራል። ሕጉ ለሦስት ወር ይሞከርና፣ ይቆይ ወይስ ይነሳ የሚለው በተጫዋቾች ድምፅ ይወሰናል ተብሏል። አባባ ነጎድጓድ ሕጉ የሚነሳበትን ቀን በጉጉት ነበር የሚጠብቁት።

"እንዲያው እናንተው ፍረዱ" አሉ፣ በማዳመጫው ውስጥ እየሳሉ። "ዘንዶ እየበረረ እሳት በሚተፋበት ዓለም፣ እኔ የድስት ክብደት ይቆጠርብኛል? ይሄ ነው እውነተኛነት የሚሉት?"

ገዳዩም "ልክ ነዎት" አለ። ማኅተምም ለወጉ ያህል ተስማማች። ሚዛን ግን ዝም ማለት አልቻለችም።

"እኔ ዘንዶውን አላውቀውም፣ አባባ። ቢበር ባይበር አልከራከርም። ድስቱን ግን አውቀዋለሁ። ድስቱን ያለ ክብደት ካሳዩኝ ዘንዶውንም አላምናቸውም።"

ከዚያ አባባ ነጎድጓድ "ይቺን ከየት አመጣችኋት?" አሉ።

ያን ቀን ማታ ለባሏ ስትነግረው ከጋደመችበት ቀና እስክትል ድረስ ደስ ብሏት ነበር። ለሃያ ቀናት ያህል ከማንም ጋር ስለ ክብደት አውርታ አታውቅምና።

ከዚያ በኋላ የሁሉንም ቦርሳ እያስፈታች ትመረምር ጀመር። ሕጉ መኖሩ ትክክል ነው፤ አወጣጡ ግን የእንዝህላል ነው አለች። ላባ የሞላው ትራስ አሥር ኪሎ ተብሎ ተጽፏል፤ ረጅሙ መሰላል ደግሞ ሁለት ኪሎ። ውሃ ጭራሽ ክብደት የለውም፤ አንዱ በርሜል ሙሉ ውሃ ይዞ ቢዞር ዜሮ ነው የሚለው።

"ይህን የጻፈው ሰው" አለች፣ "በሕይወቱ አንድ ቀን ውሃ ቀድቶ አያውቅም።"

ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው፤ ባለው ሕግ ጓዛቸውን አስተካከለችላቸው። ትራሶቹን አስጣለች፣ አምስት ሰይፍ ወደ ሁለት አወረደች፣ ለምግብ ማብሰያ የያዙትን ሦስት ድስት በአንድ ተካች። ቡድኑ ከዚያ በፊት በሁለት ቀን ይሄድ የነበረውን መንገድ በአንድ ቀን ጨረሰ። ገዳዩ በቻቱ ላይ "ከንግሥት በላይ ነሽ" ብሎ ጻፈላት። የሕክምናው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አፉን ከፍቶ እየጠበቀው ነበር አሉ ሲጽፍ።

እዚህ ላይ ነው የቆየው አመሏ የመጣው። የእሷ ተዋጊ ጠንካራ ናት፤ ትከሻዋ የበር ያህል ነው። ስለዚህ ድንኳኑን እኔ ልያዝ አለች። ገመዱንም። ድስቱንም። አባባ ነጎድጓድ ስድስት ወር ሙሉ እየዞሩ የሰበሰቧቸው ካርታዎች ነበሯቸው፤ በጌሙም ቢሆን መለካት አልተዉም። "ስጡኝ አባባ፣ ዝናብ ይመታብዎታል" ብላ እነዚያንም ወሰደች። ማንም አልከለከላትም። ሰው ሲሸከምልህ ደስ ይላል እንጂ ማን ይቆጣል? ቁጥሩ ከአርባ ወደ አርባ ስምንት፣ ከዚያ ወደ ሃምሳ አራት ወጣ። እሷ ከሁሉም ኋላ እየተንፏቀቀች ተከተለቻቸው።

በሩ ላይ ከአሥራ ሦስቱ መስመር ሰባቱ በተሰረዘበት ሳምንት፣ ከበረዶው ተራራ ማዶ ወዳለችው ከተማ ለመሻገር የመጨረሻው ወንዝ ላይ ደረሱ። ወንዙ ቀዝቅዞ በረዶ ሆኗል። ተኩላዎች ከኋላ መጡ። ማኅተምና አባባ ነጎድጓድ ሮጠው ተሻገሩ። ገዳዩ መሀል ላይ ቆስሎ ወደቀ፣ ቦርሳው ተንከባለለ፤ እሱ ራሱ ግን እንደምንም ዳኸና ተሻገረ። ቦርሳው ዘጠኝ ኪሎ ነበር።

"ተዪው!" አለች ማኅተም። "ቦርሳው ይቅር፣ ነይ!"

ሚዛን ግን አጎንብሳ አነሳችው። ስልሳ ሦስት። ተዋጊዋ በበረዶው መሀል ተገትራ ቀረች።

"አንድ ነገር ጣይ" አለ ገዳዩ። "ምንም ይሁን፣ ጣይ።"

ቦርሳዋን ከፍታ ታየው ጀመር። ድንኳኑ የሁሉም ነው። ድስቱ የማኅተም ነው። ካርታዎቹ የአባባ ናቸው። ሰይፉ የገዳዩ ነው። ከዚያ ሁሉ ጓዝ የራሷ የሆነው ሁለት ኪሎ አይሞላም ነበር። የቱን እንደምትጥል ስታማርጥ በረዶው ተሰነጠቀ።

ድስቱ፣ ድንኳኑ፣ ሰይፉ፣ የስድስት ወር ካርታ፣ ሁሉም ከእሷ ጋር ወንዙ ውስጥ ገባ። ማያ ገጹ ጠቆረ።

የአባባ ነጎድጓድ ሳል ብቻ ይሰማ ነበር።

"ይቅርታ" አለች ሚዛን። "አባባ፣ ካርታዎቹን..."

"የካርታው ነገር ይቅር። አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "እኔ ስንት ኪሎ ነበር የያዝኩት?"

ታውቃለች። "አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ ኪሎ። እጄን እያወናጨፍኩ ከፊትሽ ስሄድ ነው የከረምኩት። ለምን አልጠራሽኝም?"

"ማስቸገር አልፈለግኩም።"

አባባ ነጎድጓድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ መሬት ለክተው ቁጥሩን እንደሚናገር ሰው ነው።

"ልጄ፣ አሁን ነው ያስቸገርሽን።"

ሚዛን ላፕቶፑን ዘጋች። ጌም ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ግን ትራሱን አቅፋ እስኪወጣላት አለቀሰች። ስታለቅስ የታያት ወንዙ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአምስተኛ ወሯ፣ ቢጫ ወረቀት ለጥፋ ብቻዋን ያነሳችው አንድ ሳጥን ነበር። ሠላሳ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ። ሐኪሟ አይደለም ብላታለች፤ ደግሞም ላይሆን ይችላል። ግን ሁለት እርምጃ ርቀው ሻይ የሚጠጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ያንን ማንም አይቀይረውም።

በሳምንቱ ውሃ ጠፋ። ቧንቧው ሁለት ቀን ሳል ሳል ሲለው ቆየና ደረቀ። ከሕንጻው በር ፊት ለፊት ያለው ቧንቧ ብቻ ቀጭን ውሃ ያወርዳል። ባሏ በጠዋት ወርዶ ጄሪካኑን ሞላ፤ ተሸክሞ ሲወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሊፍት ውስጥ አምስት ሰው ተቀርቅሯል፣ አንዷ አሮጊት ናት፣ ቶሎ ድረስ። በደረጃው ወደ ላይ አንጋጦ ጮኸ፦

"ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትቼዋለሁ! መጥቼ አወጣዋለሁ! እንዳትነኪው!"

"አልነካውም!"

ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ሦስት ሰዓት አለፈ። ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው። ጉሮሮዋ ደርቋል፤ መድኃኒቷን የምትውጥበት ጠብታ የለም፤ ሽንት ቤቱም የሚወራ አይደለም። ባሏ ጋ ደወለች፣ አይነሳም፤ ከመሬት በታች ሲገባ ስልኩ አይሠራም። ማኅተም ጋ ደወለች፤ "ምሳ ሰዓት ላይ መጣሁ" አለች፤ ለምሳ ሰዓት ገና ብዙ ይቀራል።

ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች። መከታውን ይዛ አንድ በአንድ ወረደች፤ አሥራ ስምንት ደረጃ። ጄሪካኑ ጥግ ላይ ቆሟል፤ የማኅተም ቢጫ ወረቀት ፊቱ ላይ ተለጥፏል።

አሥራ ስምንት ደረጃ ብቻ ናት፣ አለች በልቧ። በየሁለት ደረጃው ባርፍ። ወይም ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፤ ሥራዬ አይደለም እንዴ? እጀታውን ጨበጠችው። ሳታነሳው፣ ገና ሳብ ስታደርገው፣ እጇ ቁጥሩን ነገራት። ሃያ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ተገላበጠ።

እጀታውን እንደያዘች ቆመች። በሕንጻው ምድር ቤት አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። በራቸው ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የስፌት መኪናቸው ድምፅ በደረጃው ሁሉ ይሰማል። አንድ ቀን፣ የዛሬ ዓመት ገደማ፣ የገበያ ዕቃ ይዛ ስትወጣ መጥተው ዘንቢሉን ያዝ አድርገውላት ነበር። እሷ ነጥቃቸው "እጅ አለኝ" አለቻቸው። ክፋት አስባ አልነበረም፤ ከአፏ የወጣው ግን እንደዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲያገኟት ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ከማለፍ በቀር ቃል ተናግረዋት አያውቁም። ከሰው ሁሉ አሁን እሳቸውን መጥራት?

አሁን ነው ያስቸገርሽን።

እጀታውን ለቀቀች። መከታው ላይ ተደግፋ ወደ ታች አየች። ድምፅዋን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ በሦስተኛው ወጣ።

"ጋሼ! ልብስ ሰፊው ጋሼ! እጅ... እጅ ይኖርዎታል?"

የስፌት መኪናው ቆመ። አንድ ራስ ከታች በደረጃው ቀዳዳ ብቅ ብሎ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ከዚያ የእግር ኮቴ ይሰማ ጀመር። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተጠመጠመ፣ ኮሌታቸው ላይ መርፌ ከነክሩ እንደተሰካ መጡ። ሆዷን አዩ፣ ጄሪካኑን አዩ፣ ቢጫ ወረቀቱን አዩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሁለት ሰው ማለት ነው፣ ጋሼ። ለብቻ አይነሳም።"

"እና ሁለተኛው ማን ነው፣ አንቺ?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ ጄሪካኑን ብድግ አደረጉት። ስድስት ደረጃ እንደወጡ አስቀምጠው ትንፋሽ ወሰዱ። "ሃያ ኪሎ ይሆናል፣ አይደል?"

"ሃያ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ።"

"ዘጠኝ መቶዋን አንቺ ያዢያታ።"

ሚዛን በድንገት ሳቀች። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ባዶ እጇን ከኋላ እየተከተለቻቸው ወጣች፤ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት አንዴ ወገቧ ላይ፣ አንዴ መከታው ላይ ታሳርፋቸው ነበር። ወጥ ቤት ድረስ አስገቡላትና ማንቆርቆሪያውን ሞሉላት።

"ግማሽ ይበቃል፣ ጋሼ። ከግማሽ በላይ ማንሳት ተከልክያለሁ።"

"ታዲያ ቀድሞ አይነገርም?" አሉ፣ ግማሹን እየመለሱ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። "ያን ቀን የተቀየምኩ መስሎሽ ይሆናል። አልተቀየምኩም። ዕቃሽ የሚሰበር ነገር ያለበት መስሎኝ ነው የተውኩሽ።"

በማግስቱም መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን። ውሃው ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ያለ ውሃ መጡ፤ ጨርቁ ለሕጻን ልብስ ይበቃ እንደሆን ሊለኩ።

ሚዛን ላፕቶፑን ከፍታ ወደ ቡድኗ የተመለሰችው ያንኑ ሳምንት ነው፤ በጌሙ የሞተ ተዋጊ ባዶ እጁን ቢሆንም ይነሳል። "አባባ ነጎድጓድ" አለች፣ "አዲሱን ድንኳን ልስጥዎት፣ ይይዙልኛል?" እሳቸውም "ስንት ኪሎ ነው?" አሉ። "አሥራ ሁለት።" "አምጪው። ነጎድጓድ የተባልኩት ለስሙ ነው እንዴ?" ካርታዎቹን ከመጀመሪያው መሳል ጀመሩ፤ ያሁኖቹ ከፊተኞቹ ይሻላሉ ይላሉ፤ ይሻሉ አይሻሉ እንጃ።

ድምፅ መስጫው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሚዛን ለጌሙ ሠሪዎች ደብዳቤ ጻፈች። ተኝታ ስለነበር ሁለት ቀን ፈጀባት። የክብደት ሕጉን አታንሱት አለች። ግን አስተካክሉት። ውሃ ይከብዳል፤ ትራስ አይከብድም። ደግሞ አንድ ነገር ረስታችኋል፤ በእናንተ ዓለም ሁለት ሰው አንድ ዕቃ በሁለት ጫፍ ይዞ መሄድ አይችልም። እኛ መጋዘን ውስጥ ለዚህ ቢጫ ወረቀት አለን። ሰው ሲከብደው ወይ ይጥላል ወይ ይገተራል ብላችኋል፤ በእውነተኛው ዓለም ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሰው ይጠራል። እኔም ይህን ያወቅኩት በቅርቡ ነው።

ድምፁ ሲቆጠር ሕጉ በጠባብ ልዩነት ቆየ። አባባ ነጎድጓድ የቱን እንደመረጡ ሲጠየቁ ለረጅም ጊዜ ሳሉ። "ዘንዶው ቢቀር ግድ የለኝም" አሉ በመጨረሻ። "ድስቱ ይቆይ።"

በሩ ላይ አሥራ ሦስቱም መስመር ተሰረዘ። ባሏ ከዚያ በታች አሥራ አራተኛ ጨመረ፤ እሱም ተሰረዘ። ልጁ በሠላሳ ስምንተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እየጮኸ መጣ። አዋላጇ ደረቷ ላይ አስተኛችላትና ትንሽ ቆይታ ወደ ሚዛኑ ልትወስደው እጇን ዘረጋች። ማኅተም በር ላይ ቆማ ነበር።

"ቆዪ" አለች ማኅተም። "መጀመሪያ እሷ ትናገር።"

ሚዛን ልጁን በሁለት እጇ ብድግ አደረገችው። ረጅም ጊዜ ነው የያዘችው፤ ለአንድም ካርቶን ያን ያህል ቆይታ አታውቅም።

"ሦስት ኪሎ ከሦስት መቶ" አለች።

ሚዛኑ ላይ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሆነ።

"ሚዛኑ ይታይ" አለ ባሏ። "የተበላሸ ሳይሆን አይቀርም።"

"ሚዛኑ ደህና ነው" አለች ሚዛን። "ይንቀሳቀሳል፤ ለዚያ ነው።"

ቤት የተመለሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ሊፍቱ እንደሞተ ነው። ባሏ በሁለት እጁ ቦርሳ አንጠልጥሏል፤ ሚዛን ልጁን ታቅፋለች፤ ጉልበቷ ገና አልጠናም። አራቱን ፎቅ አንጋጣ አየች። የስፌት መኪናው ቆመ፤ ልብስ ሰፊው በራቸው ላይ ብቅ አሉ። ራሳቸውን ነቅነቅ ከማድረጋቸው በፊት ቀደመቻቸው።

"ጋሼ፣ ይያዙልኝ።"

መርፌውን ከኮሌታቸው ነቅለው የበሩ መቃን ላይ ሰኩት፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ ልጁን ተቀበሉ። ቀስ እያሉ ወጡ፤ ከጄሪካኑ ቀን ይልቅ ቀስ ብለው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ትንፋሽ ሲወስዱ ሚዛን ከኋላቸው ደረሰች።

"ከበደዎት እንዴ ጋሼ? ሦስት ኪሎ አይሞላም እኮ።"

"ከጄሪካኑ ይከብዳል" አሉ፣ ዓይናቸውን ከልጁ ፊት ሳያነሱ። "ያንን ማስቀመጥ ይቻል ነበር።"

እሷም አንድ ደረጃ ወረድ ብላ፣ መከታውን ይዛ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀቻቸው።